ቆጠራ የሚፈራው የጠመንጃ ሎቢ

አሜሪካ ውስጥ የጅምላ ግድያ በተፈጸመ ቁጥር ክርክሩ ወዲያው ወደ ገንዘብ ያጋድላል። የትኛው ሴናተር ከጠመንጃ ማኅበሩ ስንት ዶላር እንደተቀበለ የሚያሳይ ሰንጠረዥ ይዞራል፤ ሰውየው ተሽጧል ይባልና ነገሩ በዚያው ይዘጋል። ይህ አነጋገር ለንዴት ይመቻል እንጂ ብዙ አያስረዳም። ብሔራዊ የጠመንጃ ማኅበር፣ ማለትም ኤንአርኤ፣ ኮንግረስን ለመወትወት በዓመት የሚያወጣው ጥቂት ሚሊዮን ዶላር ነው፤ መድኃኒት አምራቾች ለዚሁ ሥራ ከሚያፈሱት ጋር ሲተያይ እዚህ ግባ የሚባል አይደለም። የሳንዲ ሁክ ትምህርት ቤት 20 ሕፃናትና 6 ሠራተኞች ከተገደሉ ከአራት ወር በኋላ፣ በሚያዝያ 2013 (ዘመኑ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ነው)፣ የጠመንጃ ገዢዎችን የጀርባ ታሪክ ማጣራትን የሚያሰፋ ሐሳብ ለሴኔት ቀረበ። በጊዜው በተሰበሰቡ የሕዝብ አስተያየቶች ከአሥር አሜሪካዊ ዘጠኝ ያህሉ ደግፎታል። ድምፁ 54 ለ46 ሆነ፤ ለማለፍ 60 ያስፈልግ ነበርና ወደቀ። ደጋፊው ብዙ ቢሆንም አስተያየቱን ሰጥቶ ወደ ሥራው የሚመለስ ነው። ተቃዋሚው ግን ቢሮ ይደውላል፣ ስብሰባ ይገኛል፣ በምርጫ ቀንም በዚህ አንድ ጉዳይ ብቻ ይቀጣል። ሴናተሩ የሚፈራው ይህን ሰው ነው።

ይህን እንደ ነውር ማየት አይገባም። በአሜሪካ የሚኖረው ኢትዮጵያዊም መንገዱን ያውቀዋል፤ በሚያዝያ 2018 የተወካዮች ምክር ቤት ስለ ኢትዮጵያ ሰብዓዊ መብት ያጸደቀው ኤችአር 128 የውሳኔ ሐሳብ ያለፈው ትውልደ ኢትዮጵያውያን የእንደራሴዎቻቸውን ደጅ ደጋግመው ከጠኑ በኋላ ነው። ዜጋ ተደራጅቶ መወትወቱ መብቱ ነው፤ የጠመንጃ ባለቤቱም እንደዚያው። የእኔ ቅሬታ ሌላ ቦታ ነው። ይህ ሎቢ ያገኘው ትልቁ ድል ካሜራ ባለበት የድምፅ መስጫ አዳራሽ የተገኘ አይደለም። በበጀት ሕጎች መካከል በተሸጎጡ አጫጭር አንቀጾች አማካይነት መንግሥት ስለ ጠመንጃ እንዳያጠና፣ ያወቀውንም እንዳይናገር ማድረጉ ነው።

በ1993 አርተር ኬለርማንና ባልደረቦቹ በኒው ኢንግላንድ ጆርናል ኦፍ ሜዲስን አንድ ጥናት አሳተሙ። ጠመንጃ ባለበት ቤት የሚኖር ሰው እዚያው ቤቱ ውስጥ የመገደል አደጋው 2.7 እጥፍ ያህል ሆኖ አገኙት። ወጪውን የሸፈነው የበሽታ መቆጣጠሪያና መከላከያ ማዕከሉ ሲዲሲ ነበር። ማኅበሩ ጥናቱን በመተቸት አላበቃም፤ የገንዘቡን ምንጭ ወደ መድፈን ሄደ። በ1996 የአርካንሶው እንደራሴ ጄይ ዲኪ ባስገቡት አንቀጽ የማዕከሉ ገንዘብ የጠመንጃ ቁጥጥርን ለማራመድ እንዳይውል ተከለከለ። ቃሉ ብቻውን ሲነበብ ምርምርን አይከለክልም። ይሁንና ኮንግረሱ በዚያው ጊዜ ከማዕከሉ በጀት 2.6 ሚሊዮን ዶላር አንስቶ ወደ ሌላ ሥራ አዞረ፤ ይህም ቀደም ባለው ዓመት ለጠመንጃ ጉዳት ጥናት የዋለው ገንዘብ ልክ ነበር። መልእክቱ ያልገባው ኃላፊ አልነበረም። «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» እንላለን፤ እዚህ ግን በሽተኛው አልደበቀም፣ ሐኪሙ ነው እንዳይጠይቅ የተደረገው። ፍሎሪዳማ በ2011 ሐኪም ታካሚውን «ቤትህ ጠመንጃ አለ ወይ?» ብሎ መጠየቁን የሚገድብ ሕግ እስከ ማውጣት ደርሳለች፤ የፌዴራል ይግባኝ ፍርድ ቤት ዋና ዋና ክፍሎቹን የሻረው በ2017 ነው።

ከሁሉ የሚከነክነኝ ግን የሱቆቹ ጉዳይ ነው። ኤቲኤፍ የሚባለው የፌዴራል ቢሮ ከወንጀል ቦታ የተያዘ መሣሪያ ከየት እንደተሸጠ ይከታተላል። በ2000 ባወጣው ሪፖርት፣ በሥራ ላይ ካሉ ነጋዴዎች 1.2 በመቶ የሚሆኑት ብቻ ወደ ነጋዴዎቹ ከተመሩት የክትትል ጥያቄዎች 57 በመቶውን እንደያዙ አሳየ። እርግጥ ብዙ የሚሸጥ ሱቅ ብዙ ክትትል ሊያጋጥመው ይችላል፤ ክትትል ብቻውንም ጥፋተኛ አያደርግም። ይህን ለመለየት የሚያስፈልገው ግን ተጨማሪ መረጃ ነበር። የሆነው ተቃራኒው ነው፦ ከ2003 ጀምሮ የካንሳሱ እንደራሴ ቶድ ቲያርት ስም የሚጠራበት የበጀት አንቀጽ የክትትል መረጃውን ለተመራማሪና ለጋዜጠኛ ዘጋው። ገዢው ተጣርቶ ሲያልፍ የተያዘው መዝገብም በ24 ሰዓት ውስጥ እንዲጠፋ ተደነገገ። በዌስት ቨርጂኒያዋ ማርቲንስበርግ ከተማ ባለው የክትትል ማዕከል ከተዘጉ ሱቆች የመጡ በመቶ ሚሊዮኖች የሚቆጠሩ መዝገቦች አሉ፤ ሠራተኞቹ ግን በገዢ ስም መፈለግ ስለማይችሉ ገጽ እያገላበጡ ይለቅማሉ። በዚህ በኮምፒዩተር ዘመን!

ለዚህ ሁሉ የሚሰጠው መልስ፣ መዝገብ የመውረስ መጀመሪያ ነው የሚል ነው። ይህን ስጋት በቀላሉ አልንቀውም፤ ዛሬ የመዘገበ መንግሥት ነገ ትጥቅ ያስፈታል የሚለው ጥርጣሬ ለእኛ አገር አንባቢ ባዳ አይደለም። ነገር ግን የአንድ ሱቅ ስም ከስንት የወንጀል መሣሪያ ጋር እንደተያያዘ ለማውጣት የአንድም ባለቤት ስም አያስፈልግም። የቤት ውስጥ ሞትን ለማጥናትም እንዲሁ። በዚያ ላይ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ2008 በሄለር ጉዳይ መሣሪያ መያዝ የግለሰብ መብት ነው ብሎ ከወሰነ ወዲህ በጅምላ መውረስ የሚቻልበት በር በእጅጉ ጠቧል፤ ያው ፍርድ መብቱ ገደብ የለሽ እንዳልሆነም ተናግሯል። ስጋቱ ቢበዛ የባለቤቶችን ዝርዝር ለመቃወም ያገለግላል፤ ከዚያ ለሰፋው ክልከላ ምክንያት አይሆንም።

ሁለተኛው መከራከሪያ ተመራማሪዎቹ ገና ከጅምሩ ወገንተኞች ነበሩ የሚለው ነው። አንዳንዶቹ አቋም እንደነበራቸው አልክድም። የወገነ ጥናት የሚታረመው በሌላ ጥናት ነው፤ ገንዘቡ ሲደርቅ ግን የሚያርመውም አብሮ ይደርቃል። ለዚህ ከዲኪ የተሻለ ምስክር አላገኝም። ሰውየው በ2012 በሲዲሲ ኃላፊ ከነበሩት ከቀድሞ ባላንጣቸው ማርክ ሮዘንበርግ ጋር ሆነው ጥናቱ እንዲቀጥል ጻፉ፤ የመኪና አደጋ ምርምር መኪና ሳይከለክል ሕይወት ማዳኑን አስታወሱ። ኮንግረሱ ለጠመንጃ ጉዳት ጥናት ዳግም ገንዘብ የመደበው በ2019 መጨረሻ ነው፤ 25 ሚሊዮን ዶላር፣ ለሁለት ተቋማት የሚከፈል።

አሁን ማኅበሩ ራሱ ተዳክሟል። ለሦስት አሥርት ዓመታት የመሩትን ዌይን ላፒየርን በ2024 የኒው ዮርክ ችሎት የማኅበሩን ገንዘብ በማባከን ተጠያቂ ናቸው ብሎ 4.3 ሚሊዮን ዶላር እንዲመልሱ ወስኖባቸዋል። ይህን ሰምተው ሎቢው አበቃ የሚሉ አሉ። እኔ አይመስለኝም፤ ያስገባቸው አንቀጾች ባለቤታቸው ቢታመምም ሥራቸውን አላቆሙም። በ2021 በአሜሪካ 48,830 ሰው በጠመንጃ ሞቷል፤ ከእነዚህ 26,328ቱ ራሳቸውን ያጠፉ ናቸው፤ ስለ ጅምላ ግድያ ብቻ በሚጮኸው ክርክር ውስጥ እነዚህ ሰዎች እምብዛም አይነሱም። በነፍስ ግድያ የተያዘው ሽጉጥ ከየት ሱቅ እንደወጣ ፖሊስ ጠይቆ ሊያውቅ ይችላል። ያው ሱቅ ስንት ጊዜ እንደተጠቀሰ ግን በአካባቢው የሚኖረው ሰው ዛሬም እንዲያውቅ አይፈቀድለትም።