መሀል ከተማው የሚታደሰው ለማን ነው?



በ2016 ዓ.ም. በአዲስ አበባ የተጀመረው የኮሪደር ልማት ወደ ክልል ከተሞችም ተዛምቷል። እኛ ሰፊ የእግረኛ መንገድና መብራት አንጠላም። የምንቃወመው አሠራሩን ነው። የከተማ ፕላን አዋጅ ቁጥር 574/2000 የነዋሪውን ተሳትፎ ደንግጓል፤ ነጋዴው ግን ፕላኑን የሚያውቀው ግድግዳው ላይ ቀይ ቀለም ሲቀባ ነው። ምክር ቤቱስ? አባላቱ ተጠሪነታቸው ለመራጩ ሆኖ ሳለ በጀቱን በጭብጨባ ያጸድቃሉ። ለፏፏቴ ስንት፣ ለውኃ መስመር ስንት ብሎ የጠየቀ «ፀረ ልማት» ይባላል።

ካሣ ሲነሳ የሚታየው ባለይዞታው ነው። የመሀል ከተማው ነጋዴ ግን ብዙው ተከራይ ነው፤ ልብስ ሰፊው፣ ጫማ ጠጋኙ፣ ባለ ሻይ ቤቷ። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 44(2) በመንግሥት ፕሮግራም ምክንያት የተፈናቀሉ ብቻ ሳይሆኑ ኑሯቸው የተነካባቸው ሰዎች ሁሉ ተመጣጣኝ ማካካሻ የማግኘት መብት እንዳላቸው ይደነግጋል። «ሁሉ» ተከራይንም ይጨምራል፤ ይህን ለመረዳት ጠበቃ መሆን አያሻም።

ብትመርጡን፣ የምክር ቤት አባሎቻችን የሚነሱትን ተከራዮች ዝርዝርና የማካካሻውን ገንዘብ ሳያዩ ለማፍረስ እጃቸውን አያወጡም። በጀቱም ከመጽደቁ በፊት በየቀበሌው ማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ እንዲለጠፍ እናደርጋለን።