የቦንጋ ማር በወረቀቱና በብልቃጡ

የካፋን ምድር የሚያውቅ ኹሉ እንደሚመሰክረው፣ የቦንጋ አካባቢ ማር ዝናውን ያገኘው በጣዕሙ ነው እንጂ በማስታወቂያ ብዛት አይደለም። ገበሬው ቀፎውን ከረጅም ዛፍ ላይ ይሰቅላል፤ ንቧም ከጫካው የጌተማን፣ የቢሳናንና የቡናን አበባ ትቀስማለች። ዛሬ ግን ይህንኑ ስም በወረቀት አትሞ ከብልቃጥ ላይ መለጠፍ ለማንም ቀላል ሆኖአል።

ከዩኒቨርሲቲ ተመርቄ ወደ ቦንጋ ስመለስ፣ ከአዲስ አበባ አንድ መደብር «ንጹሕ የተፈጥሮ የቦንጋ ማር» የሚል የተለጠፈበት ብልቃጥ ገዝቼ ነበር። ለቦንጋ ሰው የቦንጋ ማር ይዞ መሄድ ሞኝነት መሆኑ አልጠፋኝም፤ ሐሳቤ እናቴ የከተማውን ዋጋ ሰምታ እንድትገረም ነበር። እርሷ ግን ዋጋውን ሳትጠይቅ ብልቃጡን አገላብጣ አየችና «ልጄ፣ ይህን ማር የቆረጠው ማን ነው?» አለችኝ። መልስ አልነበረኝም። ወረቀቱ ላይ የንብና የአበባ ሥዕል ሞልቶአል፤ የአሻጊው ስምና አድራሻ፣ የታሸገበትም ቀን የለበትም።

በውስጡ ስኳር ይኑርበት አይኑርበት ለመፍረድ አልደፍርም። በገበያ የሚደረገው የውኃና የክብሪት ሙከራ ብዙ አያስተማምንም። ይባስ ብሎ ማር ሲረጋ «ስኳር ነው» የሚሉ አሉ፤ ነጩ የጌተማ ማር ግን በባሕርይው የሚረጋ ነውና፣ በዚህ ፍርድ የሚጎዳው እውነተኛው ነው። ኮዴክስ የተባለው የዓለም የምግብ ደረጃ አውጪ ጉባኤ ለአብዛኛው የማር ዓይነት በ100 ግራም ውስጥ ሱክሮስ የተባለው የስኳር ዓይነት ከ5 ግራም እንዳይበልጥ ወስኖአል። ይህን የሚለካው ላቦራቶሪ እንጂ ምላስ አይደለም።

ሸማቹ ሊያደርገው የሚችለው ወረቀቱን በጥሞና ማንበብ ነው። «ንጹሕ» የሚለው ቃል ብቻውን ምንም አያረጋግጥም። «በቦንጋ የታሸገ» ማለትም በቦንጋ ጫካ የተቆረጠ ማለት አይደለም። ክብደቱንም ማየት ይገባል፤ አንድ ሊትር ማር 1.4 ኪሎ ያህል ስለሚመዝን፣ በሊትርና በኪሎ የተጻፉ ኹለት ዋጋዎችን እንዲሁ ማወዳደር ኪስን ይጎዳል። ስለ ዘመን አቆጣጠሩማ ምን ልበል! «2018» የሚል ብቻ የታተመበት ዕቃ የእኛን ዘመን ይሁን የፈረንጆቹን ካልገለጸ፣ በመካከሉ የሰባት ወይም የስምንት ዓመት ልዩነት አለ። ይህ ደግሞ ለማር ብቻ ሳይሆን ለዘይትም፣ ለሕፃናት ወተትም ይሠራል፤ በእነዚያም ነገሩ ከኪስ አልፎ ጤናን ይነካል።

በ2011 ዓ.ም. የወጣው የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1112 ሸማቹን በሚያሳስት ገላጭ ጽሑፍ ምግብ መሸጥን ይከለክላል። ሕጉ መኖሩ መልካም ነው፤ ዳሩ ግን ተቆጣጣሪው ከትልልቁ መደብር አልፎ የሰፈሩን ሱቅ መደርደሪያ ካላየ፣ ከዛፍ ወጥቶ ማር የሚቆርጠው የካፋ ገበሬ ከስኳር ውኃ ጋር በዋጋ መወዳደሩ አይቀርለትም። የማር ኅብረት ሥራ ማኅበራትም ከንቧ ሥዕል ጥቂት ቦታ ቀንሰው ማሩ የተቆረጠበትን ቀበሌና ወር ቢያትሙበት፣ የእናቴ ጥያቄ መልስ ያገኝ ነበር።