የመጀመሪያው ሲዲያችን

ሰው በዕድሜው ብዙ ዕቃ ይገዛል፤ ከገዛውም የሚበልጠውን ይረሳል። ነገር ግን በመጀመሪያ ደመወዙ ገዝቶ ወደ ወላጆቹ ቤት ይዞት የገባውን ዕቃ መርሳት አይቻለውም። ስለዚህ በዛሬው የቤተ ሰብ ገጻችን ፊልም በዲስክ ተቀርጾ ወደ ቤታችን ስለ ገባበት ዘመን ጥቂት ለመናገር ወደድን።

ሌዘር ዲስክ የተባለው፥ በብርሃን ጨረር የሚነበበው ዲስክ፥ ለገበያ የቀረበው በፈረንጆች አቈጣጠር በ1978 ዓ.ም. በአሜሪካ አገር በአትላንታ ከተማ ነው። ስፋቱ 30 ሴንቲ ሜትር ስለ ሆነ የዘፈን ሸክላ ይመስል ነበር፤ በአንዱ ገጽ ከአንድ ሰዓት ያህል የበለጠ ስለማይዝ ፊልሙ በመካከሉ ይቋረጥ ነበር። ከዚህ በኋላ በ1993 ዓ.ም. ቪሲዲ፥ በ1996 ዓ.ም. ደግሞ በጃፓን ዲቪዲ ተከተሉ። የቪሲዲ ስፋቱ 12 ሴንቲ ሜትር፥ የሚይዘውም 74 ደቂቃ ያህል ብቻ ስለ ነበረ አንድ ሙሉ ፊልም በሁለት ዲስክ ይሸጥ ነበር። ዋጋው ርካሽ በመሆኑ በእስያ አገሮች እጅግ ተስፋፋ፤ ወደ አዲስ አበባም ደርሶ የአማርኛ ፊልሞች በእርሱ ተሸጡ።

እኔም ሥራ በያዝሁ በመጀመሪያው ወር፥ በእኛ አቈጣጠር በ1997 ዓ.ም.፥ ማጫወቻውን ገዛሁ። በእጄ የቀረው ገንዘብ ለአንድ ፊልም ብቻ የሚበቃ ነበር። ለራሴ ብቻ ቢሆን የፈረንጅ ጦርነት ያለበትን በመረጥሁ፤ ነገር ግን እናቴ የፈረንጅ ቋንቋ ስለማታውቅ፥ በሽፋኑ ላይ ሙሽራ የተሣለበትን የአማርኛ ፊልም ወሰድሁ።

በዚያ ማታ እናቴ ቡና አፈላች፤ ጎረቤቶችም ተጠሩ። ፊልሙ ያለ አባቷ ፈቃድ አግብታ ከቤት ስለ ወጣች ልጅ የሚናገር ነበር። ይህን ባየን ጊዜ ሁላችንም ዝም አልን፤ ታላቅ እኅቴ እንደዚሁ አግብታ ከወጣች ሦስት ዓመት ሆኗት ነበርና። አባቴ ዓይኑን ከቴሌቪዥኑ ሳያነሣ ተቀምጧል። ሁለተኛውን ዲስክ ባስገባሁት ጊዜ ጥቂት ታይቶ ምስሉ ተሰባበረና ቆመ። አውጥቼ ጠርጌ መልሼ ባስገባው እንቢ አለ፤ ለካስ አስቀድሞ ተጭሮ ኖሯል። በኀፍረት ላቤ መጣ።

እናቴ ግን ስኒዋን አስቀምጣ «ልጄ፥ ተወው፤ የቀረውን እኔ እነግራችኋለሁ» አለችና ልጅቱን ወደ አባቷ ደጅ አምጥታ አስታረቀቻቸው። ጎረቤቶቹ «እንዲህስ አይሆንም» እያሉ ሲከራከሩ አባቴ አንዲት ቃል ሳይናገር ተነሥቶ ወደ መኝታው ሄደ። በማግሥቱ ዲስኩን ላስለውጥ ስወጣ «አትድከም፥ ይቅር» አለኝ። ለፋሲካ እኅቴ ከባሏ ጋራ መጣች።

እውነተኛውን ፍጻሜ ያየሁት እናቴ ካረፈች በኋላ ነው። በፊልሙ ልጅቱ አልተመለሰችም።

አንባቢ ሆይ፥ የሠርግህ ወይም የልጅህ ክርስትና በእንደዚህ ያለ ዲስክ ተቀርጾ እንደ ሆነ፥ ማጫወቻው ሳይጠፋ ወደ ሌላ ማኖሪያ አስገልብጠው። የሌዘር ዲስክ ማጫወቻ መሠራቱ በፈረንጆች 2009 ዓ.ም. ቀርቷል፤ ከዲስኮቹም አንዳንዶቹ በውስጣቸው ያለው የአሉሚኒየም ንጣፍ አየር እያገኘው ተበላሽተዋል። ዲስኩን በጠርዙ ያዘው፤ ስትጠርገውም በለስላሳ ጨርቅ ከመካከሉ ወደ ዳር ይሁን። የቪሲዲ ጽሑፍ ያለበት ገጽ ጠንካራ ቢመስልም፥ ብርሃኑን የሚመልሰው ንጣፍ ያለው ወዲያው ከሥሩ ነውና በእርሱ ላይ አትጫር። ከፀሐይ አርቀህም አቁመህ አስቀምጠው።

የእኛ ሁለተኛው ዲስክ እስከ ዛሬ አይነበብም፤ እኅቴ ግን ከነሽፋኑ በቤቷ አኑራዋለች።