ዝንብ ቢሰበሰብ

ከአዲስ አበባ ወደ ደሴ የሚጓዝ መንገደኛ ደብረ ብርሃን ላይ ጋቢውን እንደ ተከናነበ ይነሣና፣ የጣርማ በርን ዋሻ አልፎ በደብረ ሲና በኩል ቍልቍል ወርዶ ሸዋ ሮቢት ሲደርስ ኮቱን በክንዱ ላይ ጥሎ ከአውቶቡስ ይወርዳል። ደጋና ቆላ በአንድ ጧት የሚገናኙበት መንገድ ነው።

ባለፈው ሰሞን እኔም በዚሁ መንገድ ሳልፍ ሸዋ ሮቢት ለምሳ ቆምንና ከአንድ አረጋዊ መንገደኛ ጋራ በአንድ ገበታ ተቀመጥን። እንጀራው ሳይቀርብ ዝንቡ ቀረበ። የምግብ ቤቱ ባለቤት ቢያባርሩት ዞሮ ይመለሳል። እኔም ጨዋታ ለመጀመር ያህል፣ «አባባ፣ የዚህ አገር ዝንብ እንዴት ይበዛል?» ብላቸው፣ «ይብዛ ልጄ፤ ዝንብ ቢሰበሰብ ጋን አይከፍትም» አሉኝ።

ጋን እንደማይከፍት እርግጥ ነው። ነገር ግን ተዘግቶ ሊቀር የነበረ የወንጀል መዝገብ ከፍቶ ያውቃል ብል አንባቢ ይስቅብኝ ይሆን? የዛሬው ጽሑፌ ስለዚሁ ነው።

በሞተ ሰው ገላ ላይ የሚያርፉትን ነፍሳት መርምሮ ለፍርድ የሚረዳ ማስረጃ የሚያወጣ የትምህርት ዘርፍ አለ። ፈረንጆች ፎረንሲክ ኢንቶሞሎጂ ይሉታል። ነገሩ ግን ከፈረንጅ አገር አልጀመረም። ቻይናዊው የፍርድ ሹም ሱንግ ጹ እ.ኤ.አ. በ1247፣ ማለት ይኩኖ አምላክ ከመንገሡ 23 ዓመት አስቀድሞ፣ ስለ አስከሬን ምርመራ በጻፈው መጽሐፍ ውስጥ አንድ ታሪክ አስቀምጧል። አንድ ሰው መንገድ ዳር ተገድሎ ተገኘ፤ ቍስሉም የማጭድ ነበረ። መርማሪው በአቅራቢያው የሚኖሩት ሁሉ ማጭዳቸውን እንዲያመጡ አዘዘና 70 ወይም 80 የሚሆን ማጭድ መሬት ላይ ተደረደረ። ወራቱ የሙቀት ነበርና ዝንቦች መጥተው በአንዱ ማጭድ ላይ ብቻ ሰፈሩ። የደሙ ሽታ አልጠፋም ነበር። ባለ ማጭዱም ተጠይቆ አመነ።

ይህን ለአረጋዊው ባጫውታቸው፣ «ይኸማ የእኛው አውጫጭኝ ነው እንጂ!» አሉኝ። አባታቸው እንደ ነገሯቸው፣ ገዳይ ወይም ሌባ ሲጠፋ የአገሩ ሰው አንድ ሜዳ ላይ ይሰበሰባል፤ የሚያውቀውን ሳይናገር ወደ ቤቱ አይመለስም፤ የቀረም ይቀጣል። «ልዩነቱ ምን መሰለህ፣ እዚያ ዝንቡ ተናገረ፤ እኛ ዘንድ ሰዉ ዝም ይላል። ከተዘጋ አፍ ዝንብ አይገባም ይባል የለ!» ብለው ሣቁ። እኔ ግን ነገሩ ከልቤ ገባ። ሰው ፈርቶ፣ ወገኑን ሸፍኖ ወይም ጉቦ በልቶ ዝም ሊል ይችላል። ዝንብ ግን ዘመድ የላትም።

ታዲያ የምትመሰክረው ምንድን ነው? ከሁሉ በላይ ጊዜን ነው። ሰው በሞተ በጥቂት ሰዓት ውስጥ፣ ቀን ከሆነና ገላው ካልተሸፈነ፣ አረንጓዴ የሚያብረቀርቁት ዝንቦች ደርሰው እንቍላላቸውን ይጥላሉ። እንቍላሉ ትል ይሆናል፤ ትሉ ሁለት ጊዜ ቆዳውን ለውጦ ያድጋል፤ ከዚያም በጠንካራ ቅርፊት ተሸፍኖ ይተኛና ዝንብ ሆኖ ይወጣል። ይህ ሁሉ በሙቀት ልክ የሚሄድ ስለ ሆነ፣ የትሉን ዕድሜና የስፍራውን ሙቀት ያወቀ ሊቅ ወደ ኋላ ቈጥሮ ሰውየው ቢያንስ ከመቼ ጀምሮ ሞቶ እንደ ነበር ለመገመት ይችላል። ሐኪም ከገላው መቀዝቀዝና መገተር የሚያገኘው ምልክት ከሦስት ቀን ገደማ በኋላ ብዙም አይረዳም፤ ከዚያ ወዲያ ሰዓት ቈጣሪዋ ዝንብ ናት።

ጥቅሙ እንዲታየን አንድ ምሳሌ እናስብ። ሰው በማሽላ ማሳ ውስጥ ሞቶ ቅዳሜ ተገኘ እንበል። ሐሙስ ዕለት ከደጋ ለመኸር ሥራ የወረደ የቀን ሠራተኛ፣ እንግዳ በመሆኑ ብቻ ተጠርጥሮ ይያዛል። ትሉ ግን ሟቹ ማክሰኞ ሞቶ እንደ ነበር ቢመሰክር፣ ያ ድኻ ወደ ልጆቹ ይመለሳል። ሸዋ ሮቢት በማሾዋና በማንጎዋ ብቻ ሳይሆን በማረሚያ ቤቷም የታወቀች ከተማ ናትና፣ በዚያ ሲያልፉ ይህን ማሰብ አይከብድም።

ይሁን እንጂ የዝንብ ሰዓት በየአገሩ አንድ አይደለም። በፈረንሳይ እ.ኤ.አ. በ1850 በአንድ ቤት ምድጃ ግንብ ውስጥ የደረቀ የሕፃን ሬሳ ተገኝቶ ነበር። በርዠሬ የተባለው ሐኪም ነፍሳቱን መርምሮ ሕፃኑ የሞተው በ1848 እንደ ሆነ ስለ ተናገረ፣ በቤቱ ይኖሩ ከነበሩት ላይ ጥርጣሬው ተነሥቶ ወደ ቀድሞዎቹ ተከራዮች ዞረ። መንገዱ መልካም ቢሆንም ስሌቱ ጕድለት ነበረበት፤ የነፍሳቱ አንድ ትውልድ ዓመት ሙሉ ይፈጃል ብሎ አስቦ ነበርና። ዛሬ እንደሚታወቀው አረንጓዴዋ ዝንብ ከእንቍላል ተነሥታ ክንፍ እስክታወጣ በ30 ዲግሪ ሙቀት ሁለት ሳምንት አይሞላትም፤ በ20 ዲግሪ ሦስት ሳምንት ያህል ይፈጅባታል፤ ከዚያ በታች ደግሞ ይበልጥ ትዘገያለች። ደብረ ብርሃን ከባሕር ወለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ፣ ሸዋ ሮቢት 1,280 ሜትር ገደማ ናት፤ በመካከላቸው ያለው መንገድ ግን 100 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። በአንድ ዞን ውስጥ ሁለት ሰዓት አለ ማለት ነው። በኤውሮፓ ብርድ የተሠራ ሠንጠረዥ ለይፋት ቆላ አይሆንም፤ የደብረ ብርሃኑም እንኳ አይሆንም።

እኛ ዘንድ ግን ይህች ምስክር ብዙውን ጊዜ ከመደመጧ በፊት ታጥባ ትጣላለች። ለረዥም ዘመን አስከሬን ከየአገሩ ለምርመራ ይላክ የነበረው በአብዛኛው ወደ አዲስ አበባው ዳግማዊ ምኒልክ ሆስፒታል ነበር። ከሸዋ ሮቢት የተነሣ አስከሬን 225 ኪሎ ሜትር ያህል ሲጓዝ ከ3,000 ሜትር በላይ ያለውን የጣርማ በርን ብርድ ያቋርጣል፤ የትሉም እድገት በዚያው ሊዘገይ ይችላል። ከወደቀበት ስፍራ ትሉን የወሰደ፣ ሙቀቱንም የጻፈ ከሌለ፣ በኋላ ሊቅ ቢጠራ የሚያነበው ነገር አያገኝም።

ለዚህ ደግሞ ትልቅ ላቦራቶሪ አያሻም። ከትላልቆቹ ትሎች ጥቂቱን በፈላ ውሀ ነክሮ በ80 በመቶ አልኮል ማስቀመጥ፣ ጥቂቱን ከነሕይወቱ አየር በሚያስገባ ዕቃ ከቍራጭ ሥጋ ጋራ ማሳደግ፣ የአየሩንና የመሬቱን ሙቀት መለካት፣ ቀኑንና ሰዓቱን መጻፍ ነው። አንድ የሠለጠነ ፖሊስ እዚያው ስፍራ ላይ ቀብር ሳያዘገይ የሚፈጽመው ሥራ ነው። ክርስቲያኑና ሙስሊሙ ጎን ለጎን በሚኖርበት በይፋት፣ ሬሳ ማቈየት ለሁለቱም ከባድ ነው። የሞተበት ቀን ካልታወቀስ የክርስቲያኑ አርባ፣ የሙስሊሟ መበለት ዒዳ ከየት ይቈጠራል?

ይህን ሁሉ ግን አንድ ሰው ብቻውን አይችለውም። ትል የሚለየው የባዮሎጂ ምሁር ሬሳ አያይም፤ ሬሳ የሚያየው ሐኪም ትል አይለይም፤ ቦታውን ቀድሞ የሚረግጠው ፖሊስ ሁለቱንም አላጠናም፤ ዳኛውም ያልቀረበለትን ሊመዝን አይችልም። ስለዚህ ሥራው ከጉባኤ ይጀምራል። የኤውሮፓ የፎረንሲክ ኢንቶሞሎጂ ማኅበር እ.ኤ.አ. በ2002 የተመሠረተው በፈረንሳይ በሮኒ ሱ ቧ ሲሆን፣ በዚያች ከተማ የዣንዳርሜሪው የወንጀል ምርመራ ተቋም ይገኝ ነበር። ምሁሩ ወደ ፖሊሱ ሠፈር ሄደ ማለት ነው።

በአገራችንም ስለ ነፍሳት መሰብሰብ እንግዳ ነገር አይደለም። የኢትዮጵያ ዕፅዋት ጥበቃ ማኅበር ስለ ሰብል ተባይ ይመክራል። የመላው አፍሪካ የወባ ትንኝ ቍጥጥር ማኅበር በመስከረም 2016 ዓ.ም. ጉባኤውን በአዲስ አበባ አድርጓል። በ2013 ዓ.ም. መግቢያ አንበጣ የሰሜን ሸዋንና የወሎን ቆላ ሲወርር ገበሬውም ተማሪውም ሹሙም በአንድነት ወጥቶ ነበር። ሰብል የምትበላውና ደም የምትመጠው ስትመጣ እንሰበሰባለን፤ የምትመሰክረዋን ግን በጭራ እናባርራለን።

«ለሕያው መድኀኒት ሳይበቃ ለዝንብ ቴርሞሜትር?» የሚል ጓደኛ አለኝ። መልሴ አጭር ነው፤ ያለ ጥፋቱ የታሰረውም ሕያው ነው።

የምጠይቀው ትልቅ ነገር አይደለም። የደብረ ብርሃን ዩኒቨርሲቲ የባዮሎጂ ተማሪዎች የሞተ በግ ወይም ፍየል በአንድ ቀን በደብረ ብርሃንና በሸዋ ሮቢት አኑረው፣ በክረምትም በበጋም የሚመጣውን ዝንብና ሙቀቱን በየቀኑ ይመዝግቡ። የመመረቂያ ጽሑፍ ርእስ የጨነቀው ሁሉ እነሆ ርእስ! ከዚያም ፖሊሱ፣ ሐኪሙ፣ ዐቃቤ ሕጉና ዳኛው ተጠርተው በዚያ መዝገብ ላይ ይነጋገሩ። ጉባኤውም በአዲስ አበባ አዳራሽ ሳይሆን እዚያው ሸዋ ሮቢት፣ ሙቀቱ ባለበት ይሁን።

ጥንቃቄ ግን ያሻል። ዝናብ፣ ሌሊት፣ መሸፈኛና መድኀኒት የዝንብን ሰዓት ያዛባሉ። አባቶቻችን ሌባ ሻይ ብለው መድኀኒት በጠጣ ልጅ እጅ ሌባ ያስይዙ ነበር፤ የዘመኑ ሰው አምኖበት ነበር፤ ስንቱ ንጹሕ እንደ ተጎዳበት እግዚአብሔር ይወቀው። የአገሩን ሙቀትና የአገሩን ዝንብ ሳያጠና ከውጭ መጽሐፍ ቀን ቈጥሮ የሚመሰክር ሊቅም ከሌባ ሻይ አይሻልም።

ምሳችንን ጨርሰን ወደ አውቶቡሱ ስንመለስ ይህን ሁሉ ለአረጋዊው ነገርኋቸው። ዝም ብለው አዳመጡኝና ከመሳፈራቸው በፊት ወደ ምግብ ቤቱ ገበታ ዘወር ብለው፣ «ዝንቡስ ይኸው ተሰብስቧል፤ የቀራችሁት እናንተ ናችሁ» አሉኝ።