የእናቴን ንቅሳት ማን አጠፋው?

ለዛሬ የመረጥኩት ደብዳቤ የፍቅር አይደለም፣ የትዳርም አይደለም። የፎቶግራፍ ነው። «ፎቶ ደግሞ ምን ምክር ያሻዋል?» የሚል ካለ ደብዳቤውን እስከ መጨረሻው ያንብብልኝና ይፍረድ። በአንድ ጉርድ ፎቶ ምክንያት የአንድ እናት ልጆች ሁለት ወር ሙሉ ተኮራርፈዋል። እንደተለመደው ስምና አድራሻ አውጥቼ፣ ትንሽ አሳጥሬ እነሆ፦

«ጤና ይስጥልኝ የዚህ አምድ አዘጋጅ። እናቴ ካረፈች ዓመት ሊሞላት ነው። እማዬ ፎቶ መነሳት አትወድም ነበር፤ ካሜራ ስታይ በነጠላዋ ትሸፈናለች። ከሞተች በኋላ ቤቱን ገለባብጠን ያገኘነው አንድ ጉርድ ብቻ ነው። ለቀበሌ መታወቂያ የተነሳችው፣ 3 በ 4፣ ጥቁርና ነጭ፣ ጥጉ ላይ ማኅተም ያረፈበት። ወንድሜ አሜሪካ ነው፤ ከሄደ 19 ዓመቱ። ለሙት ዓመቷ ትልቅ ፎቶ ይዘጋጅ ስላለ ጉርዱን በስልኬ አንስቼ ላኩለት። በሦስተኛው ቀን መልሶ ላከልኝ። ባለቀለም ሆኗል፣ ጥርት ብሏል፣ እማዬም ፈገግ ብላለች። ዘመዶቻችን ‹ተነስታ የመጣች ትመስላለች› እያሉ አለቀሱ። እኔ ግን ትክ ብዬ ሳያት ደነገጥኩ። ግንባሯ ላይ የነበረው የመስቀል ንቅሳት የለም። የአንገቷም ንቅሳት የለም። እማዬ ፍንጭት ነበራት፤ የፎቶዋ ጥርስ ግን ግጥም ያለ ነው። ለወንድሜ ብነግረው ‹እናቴ አምራ እንዳትታይ ነው፣ ምቀኝነት ነው የያዘሽ› አለኝ። አክስታችን ደግሞ ‹ንቅሳቱ የድሮ ነገር ነው፣ እንኳንም ጠፋ› አለች። ለባነርና ለካኔቴራ ማሳተሚያ ገንዘቡ መጥቷል። በመቃብሯ ድንጋይ ላይም ይኸው ይቀረጽ ተብሏል። እኔ ያቺን ሴትዮ አላውቃትም። ክፋት ነው ወይ የያዘኝ? ምን ላድርግ?»

እህቴ፣ በመጀመሪያ እግዚአብሔር ያጽናሽ። ክፋት አልያዘሽም። ያየሽው እውነት ነው፤ እዚያ ፎቶ ላይ ያሉት ሴትዮ እናትሽ አይደሉም። ወንድምሽም ቢሆን እናቱን አልካደም። ሁለቱ እንዴት አንድ ላይ እውነት እንደሚሆኑ ለማስረዳት ግን ነገሩ እንዴት እንደሚሠራ መናገር ይኖርብኛል።

ጉርዱ 3 በ 4 ሳንቲ ሜትር ነው። ወደ 60 በ 80 ሲያድግ ስፋቱ 400 እጥፍ ይሆናል ማለት ነው። በጉርዱ ላይ የእናትሽ ዓይን ከምስር ፍሬ አትበልጥም። እንዲህ ሲለጠጥ ቅንድቡ፣ ሽፋሽፍቱ፣ የቆዳው ሽብሽብ ከየት ይመጣል? ከወረቀቱ አይመጣም፤ ወረቀቱ ላይ የለማ! የድሮው ፎቶ ቤት ቢሆን ኖሮ ብዥ ያለ ነገር ነበር የሚሰጥሽ። የዛሬው ፕሮግራም ግን ብዥታ አይወድም። እጅግ ብዙ የሌላ ሰው ፊት አይቶ የተማረ ነውና «እዚህ ቦታ ላይ አብዛኛውን ጊዜ እንዲህ ያለ ነገር ይኖራል» ብሎ ይገምትና ይሞላዋል። ፈገግታው ከእናትሽ አይደለም የመጣው። ጥርሱም እንደዚያው። በጉርዱ ላይ አፋቸውን ገጥመው ከነበረ መሣሪያው ፍንጭታቸውን በምን ያውቃል?

ይህን የምለው እንዲሁ ለማስፈራራት አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2020 አሜሪካ ውስጥ የዱክ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች የሠሩትና ብዥ ያለ ፊትን ጥርት የሚያደርግ አንድ ፕሮግራም ነበር። ሰዎች የባራክ ኦባማን ፎቶ ሆን ብለው አደብዝዘው ሰጡት። ጥርት አድርጎ የመለሰው ፊት የነጭ ሰው ነበር! በዓለም ላይ ስንት ሰው የሚያውቀውን የፕሬዚዳንት ፊት እንዲህ ካደረገ፣ ከአንዲት ጉርድ በቀር ምስክር የሌላቸውን እናት ምን ሊያደርግ እንደሚችል አስቢው። ለመሆኑ እናትሽ ጠይም ነበሩ ወይስ ቀይ? አልጻፍሽልኝም። ጥቁርና ነጭ ፎቶ ቀለም አይዝም፤ ስለዚህ በአዲሱ ፎቶ ላይ ያለው የቆዳ ቀለምም ግምት ነውና እሱንም አጣሪ።

ንቅሳቱን በተመለከተ ደግሞ የሚገርም ነገር ልንገርሽ። ፎቶሾፕ የሚባለው ፕሮግራም ለገበያ የቀረበው እ.ኤ.አ. በ1990 ነው፤ የሠሩት ቶማስና ጆን ኖል የተባሉ ሁለት ወንድማማቾች ናቸው። በ2002 በወጣው ፎቶሾፕ 7 ላይ አንድ አዲስ መሣሪያ ጨመሩበት። ፊት ላይ ያለን ነጥብ፣ ጠባሳ፣ ጭረት በዙሪያው ባለው ቆዳ እያለበሰ የሚያጠፋ ነው። ስሙ ወደኛ ቋንቋ ሲመለስ «ፈዋሹ ብሩሽ» ማለት ነው። ፈዋሽ! ስለዚህ የሚያጠፋው ሁሉ ቁስል ነው ማለት ነዋ። ያኔ ብሩሹን የሚይዘው ሰው ነበር፤ የቱ ቁስል እንደሆነ የሚመርጠውም እሱ ነው። አሁን መሣሪያው ራሱ ይመርጣል፤ ባረጀ ፎቶ ላይ ያለች ጥቁር መስመር ደግሞ ለእሱ ጭረት ናት። እናትሽ በልጅነታቸው በመርፌና በጥላሸት የተነቀሱት ጌጥ በሰከንድ ውስጥ «ታከመ»።

እዚህ ላይ አንዳንድ አንባቢ «ድሮስ ፎቶ ቤት አይዋሽም ነበር እንዴ?» ሊለኝ ይችላል። ይዋሻል እንጂ! በኔጋቲቩ ላይ በሹል እርሳስ እየነካካ ሽብሽብ የሚያጠፋ ባለሙያ ነበር። የጥቁርና ነጩን ከንፈር በቀለም የሚያቀላ ነበር። ከጀርባ የተሳለ ባሕር ይሰቀላል፣ ኮትና ከረባት ከቤቱ ይዋሳል፣ ባለአገሩ ባለ ከረባት ሆኖ ይወጣል። በትልልቆቹ መጽሔቶችም ቢሆን እንዲያው ነው። ናሽናል ጂኦግራፊክ በየካቲት 1982 እ.ኤ.አ. እትሙ የጊዛን ፒራሚዶች በሽፋኑ ቁመት ልክ ለማስገባት በኮምፒውተር አንዱን ወደ ሌላው አስጠግቷቸዋል፤ ስንት ሺህ ዓመት ከቦታቸው የነቃነቃቸው የለም! በ1994 ደግሞ ታይም መጽሔት የኦጄ ሲምፕሰንን የፖሊስ ፎቶ አጥቁሮ አወጣ፤ በዚያው ሳምንት ኒውስዊክ ያንኑ ፎቶ ሳይነካ ስላወጣው ሁለቱ ጎን ለጎን ሲሸጡ ጉዱ ፈላ።

እና ልዩነቱ ምንድነው? እኔ እንደሚገባኝ ልዩነቱ ጥያቄው ነው። የድሮው ባለሙያ ይጠይቅሻል። «ጠይም ናቸው ቀይ? ጥለቱን ምን ቀለም ላድርገው? ይቺን ማርያም የሳመቻቸውን ላጥፋት ወይስ ትቆይ?» ይላል። ሲዋሽም ከአንቺ ጋር ተማክሮ ነው፤ ውሸቱ የቤተሰብ ነው። የቤተ ክርስቲያን ሠዓሊዎቻችንን እዪ፤ ጻድቁን ፊት ለፊት በሁለት ዓይኑ፣ ኃጢአተኛውን በጎን በአንድ ዓይኑ ይስላሉ። ማንም «ይሁዳ እውነት አንድ ዓይና ነበር ወይ?» አይልም፤ ሕጉን ሠዓሊውም ተመልካቹም ያውቁታላ። ይሄኛው መሣሪያ ግን የራሱ ሕግ እያለው ለማንም አልነገረም። ወንድምሽ ስልኩን ነካ አደረገ፣ ፎቶው መጣ፣ አለቀሰ። ንቅሳቱ እንደጠፋ አላወቀም። ማንም አልጠየቀውም።

አሁን ወደ ወንድምሽ ልምጣ፤ ከባዱ እሱ ነው። 19 ዓመት! ሲሄድ እናቱን የተዋቸው ገና ጠንካራ ሳሉ ነው። ከዚያ ወዲህ የሚያውቃቸው በስልክ ድምፅ ነው፤ ካሜራ ከሆነ ደግሞ በነጠላ ይሸፈናሉ ብለሻል። ለቀብር መድረሱንም አልነገርሽኝም። ይህ ሰው ስልኩ ላይ እናቱ ፈገግ ብለው ሲያዩት ምን እንደተሰማው ገምቺ። አንቺ «እሷ አይደለችም» ስትዪው ሁለተኛ ነው የገደልሽበት። «ምቀኝነት» ያለሽ ቃሉ ቢከፋም ከዚያ የመጣ ነው። ስለዚህ «ፎቶህ ውሸት ነው» ብለሽ አትጀምሪ። በጽሑፍም አትላኪለት። ደውዪና «የእማዬን ፍንጭት ታስታውሳለህ? ስትስቅ በእጇ ትሸፍነው ነበር ወይስ አትሸፍነውም?» ብለሽ ጠይቂው። ዝም በዪና ያውራ። ያስታውሳል። ካስታወሰ በኋላ ያንን ፎቶ በራሱ ዓይን ያየዋል፤ አንቺ ክርክር ውስጥ መግባት የለብሽም።

አክስትሽ ግን ሌላ ጉዳይ ናቸው። እውነቱን ለመናገር ነገራቸው ባዶ አይደለም። በእሳቸው ዕድሜ ብዙ ሴቶች በልጅነታቸው ተነቅሰው፣ ከተማ ሲገቡ «ባላገር» እንዳይባሉ ነጠላቸውን አንገታቸው ላይ ጠምጥመው የኖሩ ናቸው። ምናልባት እናትሽም ካሜራ ሲያዩ የሚሸፈኑት በዚህ ምክንያት ይሆን? ይህን የምታውቂው አንቺና አክስትሽ ናችሁ። ቁጭ ብላችሁ ተነጋገሩበት። እናትሽ በሕይወት ሳሉ «ይሄ ነገር በጠፋልኝ» ይሉ ከነበረ ይጥፋላቸው፤ እኔ ምን ቤት ነኝ! ግን የሚያጠፋው ንቅሳቱ እንደነበረ የሚያውቅ ሰው ይሁን። አንቺ እንደጻፍሽው ከሆነ ግን ጉርዱ ላይ ሳይሸፈኑ ነው የተነሱት። እርግጥ ነው ለመታወቂያ ስለሆነ ተሸፈኑ ቢባልም አይቻልም፤ ቢሆንም ትተውልሽ የሄዱት ፊት እሱ ነውና እኔ ወደ ንቅሳቱ አደላለሁ።

በተግባር ምን ላድርግ ላልሽው፦ ጉርዱን በስልክ ማንሳት ተዪ። መብራቱ ያንጸባርቃል፣ እጅ ይንቀጠቀጣል፣ ወረቀቱም ይጎብጣል። ጥሩ ስካነር ያለው ፎቶ ቤት ሂጂና በ1200 ዲፒአይ ስካን አድርጉልኝ በዪ። በዚህ ልክ የተነሳ ጉርድ 12 በ 16 ሳንቲ ሜትር ሆኖ በደህና ጥራት ይታተማል። ከዚያ በላይ አታሳድጊው። «ትንሽ ነው» የሚል ካለ ትልቅ ፍሬም ግዢና ዙሪያውን ሰፊ ነጭ ወረቀት አድርጊለት፤ ግድግዳ ላይ ሲሰቀል ግርማ አለው። ለባለሙያው ማኅተሙንና የወረቀቱን ጭረት ብቻ እንዲያነሳ፣ ፊቱን ግን እንዳይነካ ንገሪው፤ ሲሠራም አጠገቡ ቁጭ በዪ። ለወንድምሽ በቴሌግራም ስትልኪለት እንደ ፎቶ ሳይሆን እንደ ፋይል ይሁን፤ እንደ ፎቶ ከተላከ ተጨምቆ ነው የሚደርሰው። የግድ ትልቅና ባለቀለም ይሁን ከተባለ ደግሞ ሠዓሊ ቅጠሩ። ወንድምሽ ለባነሩ የላከው ገንዘብ ለዚህ ይዋል። አንቺና አክስትሽ ሠዓሊው ዘንድ ተቀምጣችሁ «ጥርሷ እንዲህ ነበር፣ ንቅሳቱ እዚህ ጋ ነው» ትላላችሁ፤ በዚያው እርቁም ይወርዳል።

ባነሩና ካኔቴራው ገና ካልታተመ ይቁም። ከታተመ ግን ይቀደድ ብዬ አልመክርም፤ የለቀስተኛ ዓይን እያየ የሚነሳ ጠብ ከፎቶው ይብሳል። ባነር ዝናብና ፀሐይ ይጨርሰዋል፣ ካኔቴራም ታጥቦ ያልቃል። ድንጋዩ ላይ ግን እንዳትሸነፊ። አንዴ ከተቀረጸ የሚፈውሰው ብሩሽ የለም። «ድንጋዩ ትንሽ ይቆይ፣ ስሟና መስቀሉ ለጊዜው ይበቃል» በያቸው። ያንን የኮምፒውተር ፎቶ ወንድምሽ ማስቀመጥ ከፈለገ ያስቀምጥ፤ አንቺ ዘንድ የሚቀረውን ግን ከጀርባው «በኮምፒውተር የተሠራ» ብለሽ ቀኑን ጻፊበት። የልጅ ልጆች የቱ የትኛው እንደሆነ በምን ይለያሉ?

አንድ ሌላ ነገር ደግሞ ከአሁኑ ተዘጋጂበት። የሞተን ሰው ፎቶ ዓይኑን እያርገበገበ፣ አንገቱን እያዞረ የሚያሳይ ነገር ማይሄሪቴጅ በሚባል ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ2021 ወጥቶ ብዙ ሰው አስለቅሷል። አሁንማ እንዲናገሩም ይደረጋሉ። ወንድምሽ በናፍቆት ይህንንም ሊሞክረው ይችላልና ከወዲሁ «እማዬን እንዳታናግራት» በዪው፤ ስትደውዪለት፣ ስለ ፍንጭቱ ካወራችሁ በኋላ።

የሙት ዓመቱ ቀን መቼ እንደሆነ አልጻፍሽልኝም። ስካኑን ግን በዚህ ሳምንት አድርጊው። ጉርዱንም ከቦርሳሽ አውጪና በንጹሕ ፖስታ አድርገሽ መጽሐፍ መካከል አኑሪው፤ ቴፕ እንዳይነካው።