ከሙቀቱ በፊት መውረጃው፦ የሚሞቅ የመኪና መግቢያና የቆጋ ክረምት

በረዶ በሚከመርባቸው አገሮች ከአጥር በር እስከ ቤት የሚዘልቀውን የመኪና መግቢያ ከሥሩ ማሞቅ የታወቀ የግንባታ ዘዴ ነው። በቆጋና በባሕር ዳር ዙሪያ ግን የሚዘንበው በረዶ ጥቂት ቆይቶ ስለሚሟሟ፣ ዘዴው ለአካባቢው ባዕድ ይመስላል። ቁሳቁሱ በእርግጥም አያስፈልግም። ሆኖም ቴክኖሎጂው የሚመልሰው ጥያቄ፣ ማለትም «የቤት ደጃፍ በአስቸጋሪው ወቅት እንዴት መተላለፊያ ሆኖ ይቆይ?» የሚለው፣ የሜጫ ገበሬም ሆነ የባሕር ዳር ነዋሪ በየዓመቱ ከሰኔ እስከ መስከረም የሚጋፈጠው ነው። የዚህ ጽሑፍ መከራከሪያ አንድ ነው፦ በሁለቱም የአየር ንብረት ለደጃፍ የሚወጣ ገንዘብ ፍሬ የሚሰጠው ውሃው የት እንደሚወርድ አስቀድሞ ሲወሰን ነው።

አሠራሩና የተዘነጋው ግማሹ

የሚሞቅ መግቢያ በሁለት መንገድ ይሠራል። አንደኛው በኮንክሪቱ ውስጥ ወይም ከንጣፉ ሥር የፕላስቲክ ቱቦ ዘርግቶ፣ እንዳይቀዘቅዝ ፀረ ብርድ የተቀላቀለበት ሙቅ ውሃ በፓምፕ ማዘዋወር ነው። ሁለተኛው በቱቦው ፋንታ የኤሌክትሪክ ኬብል መቅበር ነው። የሚፈጀው ኃይል ቀላል አይደለም። በ60 ካሬ ሜትር መግቢያ ላይ 10 ሴንቲ ሜትር አዲስና ቀላል በረዶ ቢከመር ክብደቱ 600 ኪሎ ግራም ያህል ይሆናል፤ ይህን ለማቅለጥ ብቻ 56 ኪሎ ዋት ሰዓት ገደማ ያስፈልጋል። ወደ አየርና ወደ መሬት የሚባክነው ሙቀት ሲታከልበት ፍጆታው ከዚህ ይበልጣል።

ብዙ ጊዜ የሚዘነጋው ከዚህ በኋላ ያለው ነው። የቀለጠው በረዶ 600 ሊትር ውሃ ሆኖ መሄጃ ይፈልጋል። መውረጃ ካልተሠራለት ወደ ጎዳናው ወይም ወደ ጎረቤት ደጃፍ ይፈስሳል፤ ሌሊት ደግሞ ተመልሶ ይጋገራል። በዚህ ጊዜ ባለቤቱ አደጋውን በብዙ ወጪ ከራሱ በር ወደ ሌላው በር አዛወረ እንጂ አላስወገደም። በዘርፉ የተሻለ ውጤት ያሳዩት ከተሞች ጉዳዩን የጋራ አድርገው የያዙት ናቸው። ሬይኪያቪክ ቤቶችን አሙቆ የሚመለሰውን የከርሰ ምድር ሙቅ ውሃ ለእግረኛ መንገዶች ታውለዋለች። በአሜሪካ ሚሺጋን የምትገኘው ሆላንድ ከተማም እ.ኤ.አ. ከ1988 ጀምሮ ከኃይል ማመንጫ የሚተርፈውን ሙቀት ለመሐል ከተማዋ ጎዳናዎች ስትጠቀም ኖራለች። ሁለቱም በእጃቸው ያለውን ሀብት ለብዙ ደጃፎች በአንድነት አዋሉት።

የቆጋ ደጃፍ

በባሕር ዳር ዙሪያ በዓመት ከሚጥለው 1,400 ሚሊ ሜትር ገደማ ዝናብ አብዛኛው በክረምቱ ወራት ይወርዳል። ያው 60 ካሬ ሜትር መግቢያ በሊሾ ቢሸፈንና 30 ሚሊ ሜትር ዝናብ ቢወርድበት 1,800 ሊትር ውሃ ይቀበላል፤ ይህም ከላይ ከተሰላው የቀለጠ በረዶ ሦስት እጥፍ ነው። ሊሾ ውሃ ስለማያሰርግ ከሞላ ጎደል ሁሉም ወደ ውጭ ይፈስሳል። በአንድ መንደር ሃያ አባወራዎች እንዲህ ቢሠሩ በአንድ ዝናብ 36,000 ሊትር ውሃ በጠባቧ የመንደር መንገድ ላይ ይለቀቃል። በታችኛው ጫፍ የሚኖረው፣ ምናልባትም ሲሚንቶ መግዛት ያልቻለው ቤተሰብ፣ የሌሎችን ንጽሕና በጭቃ ይከፍላል።

አፈሩም የራሱ ጠባይ አለው። ቀዩ አፈር ውሃን በመጠኑ ያሰርጋል፤ በረባዳ ቦታዎች የሚገኘው ዋልካ ግን ሲርስ ያብጣል፣ ሲደርቅ ይሰነጠቃል። በዋልካ ላይ ያለ በቂ መሠረት የፈሰሰ ኮንክሪት ጥቂት ክረምት ሳያልፍ መሰንጠቁ አይቀርም። ኮብልስቶን በዋልካ ላይ ይሰምጣል የሚለው ተቃውሞ እውነትነት አለው፤ ነገር ግን ጉድለቱ ከመሠረቱ እንጂ ከድንጋዩ አይደለም። መሠረቱ በሰሌክት ወይም በቀይ አሽ ተሞልቶ ከተጠቀጠቀና የጎን ቦይ ካለው፣ የሰመጠው ድንጋይ ተነቅሎ ሊስተካከል ይችላል። የተሰነጠቀ ሊሾ ግን እንደገና መፍሰስ አለበት።

አካባቢው ይህን ጥበብ ከሩቅ መዋስ አያስፈልገውም። በመራዊ አቅራቢያ የተገነባው የቆጋ ግድብ 83 ሚሊዮን ሜትር ኩብ ያህል ውሃ ይዞ 7,000 ሄክታር እንዲያለማ የታቀደ ነው። በመስኖው ዕቅድ ሌሊት የሚወርደው ውሃ እንዳይባክን በትንንሽ ኩሬዎች ተጠራቅሞ ቀን ወደ ማሳ እንዲለቀቅ ተደርጓል። በማሳው ላይ እያንዳንዱ ቦይ መነሻና መድረሻው ተለይቶ ሳለ፣ ከማሳው ወደ ቤትና ወደ አስፋልቱ የሚወስደው መተላለፊያ ግን ለዕድል ተትቷል። በመስኖ የለማው ድንችና ሽንኩርት በጋሪ ወይም በባጃጅ ገበያ የሚደርሰው በዚሁ መንገድ ነው። ከደጃፍ የሚታጠበው አፈርም ቦይ ይደፍናል፤ ቀሪው በቆጋ ወንዝና በግልገል ዓባይ በኩል ወደ ጣና ይወርዳል።

ምን ይደረግ?

መኪና የሌለው ሰው ስለ መኪና መግቢያ ምን አገባው ሊባል ይችላል። በቆጋ ግን በአጥር በር የሚያልፈው በአብዛኛው እግረኛ፣ የጭነት አህያና እህል የተሸከመ ሰው በመሆኑ፣ የሚያዳልጥ ሊሾ ከጭቃ ያልተናነሰ አደጋ ነው። ስለዚህ ሦስት እርምጃዎች ይገባሉ። አንደኛ፣ የወጪው ቅደም ተከተል ይገልበጥ፤ ቦዩ ይቅደም፣ መሠረቱ ይከተል፣ ንጣፉ በመጨረሻ ይምጣ። ገንዘብ ካጠረ ንጣፉ ለቀጣዩ ዓመት ይቆይ እንጂ ቦዩ አይቅር። ሁለተኛ፣ ማዘጋጃ ቤቶች የግንባታ ፈቃድ ሲሰጡ የግቢው ዝናብ ውሃ የት እንደሚወርድ የሚያሳይ ንድፍ ይጠይቁ። ወደ መስኖ ቦይ መልቀቅም ይከልከል። ሦስተኛ፣ ነዋሪዎች ለኮብልስቶን መንገድ ገንዘብ ሲያዋጡ እንደታየው ሁሉ፣ በአንድ መንገድ ላይ ያሉ ጎረቤቶች አንድ የጋራ ቦይ ይሥሩ።

የባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎችም እዚህ ላይ ድርሻ አላቸው። በአንድ መንደር ከሊሾ፣ ከኮብልስቶንና ከጠጠር ደጃፎች የሚወጣውን ውሃና አፈር ለአንድ ክረምት ቢለኩ፣ ማዘጋጃ ቤቶች ደንባቸውን በግምት ሳይሆን በማስረጃ ሊያወጡ ይችላሉ። ልኬቱ የዝናብ መለኪያ፣ በርሜልና ትጉህ ተማሪ እንጂ ውድ መሣሪያ አይጠይቅም።