48ቱ ሰዓትና ሁለተኛው ዲግሪ

እንደሚታወቀው ከመካከላችን ብዙዎች የመጀመሪያውን ዲግሪ ሳይጨብጡ ስለ ሁለተኛው ማሰብ ጀምረዋል። በወንጀል ፍትሕ አስተዳደርና አመራር ለማስትሬት መማር የሚመኙ ወንድሞችና እኅቶችም አሉን። ምኞታቸውን አንነቅፍም። ነገር ግን ትምህርቱ ለማን ነው? ለደመወዝ ዕድገት ነው ወይስ በፖሊስ ጣቢያ ተቀምጦ ፍርድ ለሚጠባበቀው ሰው?

ሕጉ ግልጽ ነው። የ1954 ዓ.ም. የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግ የተያዘ ሰው በ48 ሰዓት ውስጥ ፍርድ ቤት እንዲቀርብ አዘዘ፤ የ1987 ዓ.ም. ሕገ መንግሥትም በአንቀጽ 19 ይህንኑ አጸና። ሁለቱም ግን የመንገድን ችግር አልዘነጉም፤ ሕገ መንግሥቱ ከተያዘበት ስፍራ ወደ ፍርድ ቤት ለመድረስ በአግባቡ የሚያስፈልገው ጊዜ በ48ቱ ሰዓት እንደማይቈጠር ይናገራል።

የኢሉባቦርን ክረምት ለምናውቅ ይህች አጭር ቃል ቀላል አይደለችም። በኖፓ ወረዳ ገጠር ዝናቡ ሲበረታና ጭቃው እግር ሲይዝ «በአግባቡ የሚያስፈልገው ጊዜ» ስንት ነው? ለኪው ማን ነው? የሚለካው ከሌለ እውነተኛው የመንገድ ችግርና የሰው ቸልተኝነት ተደባልቀው አይለዩም፤ ዕዳውን የሚከፍለው ግን ገና ያልተፈረደበት ሰው ነው።

የነገሩ ሥር ከመንገዱም ይርቃል። ፖሊስ ይመረምራል፤ ዐቃቤ ሕግ ይከሳል፤ ዳኛ ይፈርዳል፤ ማረሚያ ቤት ይጠብቃል። ዳኛውና ዐቃቤ ሕጉ ከሕግ ትምህርት ቤት ይወጣሉ፤ የፖሊስ መኰንኑ በሰንዳፋ ይሠለጥናል፤ ተለያይተው ተምረው ተለያይተው ይሠራሉ። ስለዚህ አንድ መዝገብ በሁለት ቢሮዎች መካከል ሲዘገይ ሁሉም «ጉዳዩ ከእኛ ወጥቷል» ለማለት ይቀለዋል። በአሜሪካም ፕሬዚዳንት ጆንሰን በ1965 እ.ኤ.አ. ያቋቋሙት ኮሚሲዮን በ1967 እ.ኤ.አ. ባወጣው ዘገባ ፖሊስን፣ ፍርድ ቤትንና ማረሚያ ቤትን እንደ አንድ ሥርዓት አድርጎ መረመረ፤ የወንጀል ፍትሕ ትምህርትም ከዚያ በኋላ በዩኒቨርሲቲዎች በሰፊው ተስፋፋ። እንግዲህ የትምህርቱ ፍሬ ነገር አራቱን ባለሙያዎች በአንድ ክፍል አስቀምጦ በመካከላቸው የሚጠፋውን ጊዜ ማስጠናት ነው።

«ጉድለቱ የመኪናና የገንዘብ እንጂ የዕውቀት አይደለም» የሚሉ አሉ። ከፊሉ እውነት ነው። ነገር ግን ቀኑ የት እንደሚባክን ያልቈጠረ ሹም ምን ብሎ ገንዘብ ይጠይቃል? መኪናውስ ቢመጣለት ወዴት ይልከዋል?

ጥናቱ ደግሞ ከአገሩ ይነሣ። በኦሮሚያ ፍርድ ቤት የሚናገረው ቋንቋ አፋን ኦሮሞ ነው። ክልሉ በ2013 ዓ.ም. ለባህላዊ ፍርድ ቤቶች በዐዋጅ ዕውቅና ሰጥቷል። የአገር ሽማግሌ ያስታረቀው ጠብና ፖሊስ የያዘው መዝገብ የት እንደሚገናኙ፣ የትስ እንደሚጋጩ ከውጭ አገር መጽሐፍ አይገኝም። መቱ ከ2004 ዓ.ም. ጀምሮ ዩኒቨርሲቲ ያላት ከተማ ናት፤ ኖፓም ጎረቤቷ ነው። መዝገቡም፣ ሽማግሌውም፣ ጭቃውም በደጅ እያሉ የመመረቂያ ጽሑፍ ርእስ ከሩቅ መበደር ምን ይባላል?

ስለዚህ ወደዚህ ትምህርት የምትገቡ ጓደኞቻችን ሆይ፣ አንድ ነገር እንለምናችኋለን። ለመመረቂያ ጽሑፋችሁ አንድ ወረዳ ምረጡ፤ ፈቃድ ጠይቃችሁ የአንድ ዓመት መዝገብ አገላብጡ፤ ሰውየው የተያዘበትን ሰዓትና ዳኛ ፊት የቆመበትን ሰዓት ጎን ለጎን ጻፉ። ልዩነቱን መንገድ፣ ቢሮ ወይም ሰው ያመጣው መሆኑን ለዩ። ያንን ሠንጠረዥ ለአራቱም ኀላፊዎች በአንድ ጠረጴዛ ላይ ማቅረብ የቻለ ሰው አመራር ምን እንደ ሆነ ዐውቋል፤ ዲግሪውም ይገባዋል።